ሜዳሊያው በዘጠና ዓመታቸው ደረሰ

አክስቴ የወገብ ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) እንዲነሱ ስለታዘዘላቸው ባለፈው ክረምት አጅቤያቸው ሄጄ ነበር። ለሦስት ሰዓት ቆመው ማስቀደስ የማይከብዳቸው ሴት፣ በዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ በጀርባቸው መተኛት አቃታቸው። ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ በማይክሮፎን «እማማ፣ ትንሽ ነው የቀረን፤ እንዳይንቀሳቀሱ» ይላቸዋል፤ ማሽኑ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይደበድባል። ከምስሎቹ ሁለቱ ደብዝዘው በመውጣታቸው እንደገና ወደ ውስጥ ተመለሱ። ከእኛ ቀጥሎ ወረፋ ትጠብቅ የነበረች እናት አራት ዓመት የሚሆነው ልጇን ታቅፋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕፃን ዝም ብሎ እንዲተኛ ማድረግ ስለማይቻል ማደንዘዣ እንደሚሰጠው ነግረዋት ፊቷ አመድ መስሏል። አክስቴ ከወጡ በኋላ ባለሙያውን «ለምን ነው ይህን ያህል የሚቆየው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይኼ የድሮው ነው፤ አዲሶቹ ቶሎ ይጨርሳሉ። ማግኔቱ እንኳን ያው ነው፤ የተለወጠው ስሌቱ ነው» አለኝ።

ሃያ ዓመት ያህል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ይህ አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማግኔቱ ሳይነካ ስሌቱ ብቻ ተለውጦ አንድ ታማሚ በቱቦው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያሳጥር የሚችለው እንዴት ነው? ፍለጋዬ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተምሩት ወደ ዴቪድ ዶኖሆ መራኝ፤ የእርሳቸው ስም ደግሞ ወደ ጋውስ ሽልማት። ስለ ኖቤልና ለሒሳብ ሊቃውንት ስለሚሰጠው ስለ ፊልድስ ሜዳሊያ ለተማሪዎቼ ሳወራ ኖሬ፣ ከሒሳብ ክልል ወጥቶ የሰውን ኑሮ ለለወጠ ሒሳብ የተለየ ሽልማት መኖሩን የሰማሁት እጅግ ዘግይቼ እንደሆነ አልደብቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሽልማቱን በጋራ የሚሰጡት ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረትና የጀርመን የሒሳብ ማኅበር ናቸው። መነሻ ገንዘቡ በ1998 በርሊን ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ከተመደበው በጀት የተረፈ ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ድግስ ደግሰው ትርፍ ማስመዝገባቸው ሊያስደንቀን አይገባም። መቋቋሙ የታወጀው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የተወለደበት 225ኛ ዓመት በተከበረበት በኤፕሪል 30 ቀን 2002 ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2006 ነው። በየአራት ዓመቱ ለአንድ ሰው ሜዳሊያና 10,000 ዩሮ ይሰጣል።

በጋውስ ስም መሰየሙ ተገቢ ነው። በ1801 የመጀመሪያ ቀን ጁዜፔ ፒያዚ የተባለ ጣሊያናዊ ከፓሌርሞ ሆኖ ሰማይ ሲመለከት፣ በኋላ ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ አካል አየ፤ እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ ተከታትሏት ከዚያ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ተሰወረችበት። ከፀሐይ ማዶ ተመልሳ ስትወጣ የት እንደምትገኝ ለማወቅ የነበረው መረጃ በአርባ አንድ ቀን ውስጥ የተሰበሰበ ጥቂት ልኬት ብቻ ነበር፤ ሴሬስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ግን ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። የሃያ አራት ዓመቱ ጋውስ ከዚያች ቅንጣቢ ምሕዋሩን በሙሉ አስልቶ አቀረበ፤ በዓመቱ መጨረሻም ሴሬስ እርሱ ካመለከተው ቦታ አጠገብ ተገኘች። የሽልማቱ ሜዳሊያ በአንድ ገጹ የጋውስን መልክ ይዟል፤ በሌላው ገጹ ላይ ያሉት አንድ ጠማማ መስመር፣ አንዲት ክብና አንድ ካሬ ይህንኑ የሴሬስን ታሪክና የስሕተቶችን ካሬ ድምር ዝቅተኛ የማድረጉን ዘዴ የሚያስታውሱ ናቸው። ከጥቂት ልኬት ሙሉውን መልሶ ማግኘት፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ አክስቴ ቱቦ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከሽልማቱ ደንብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት አንድ ነገር አለ፤ የዕድሜ ገደብ የለውም። የፊልድስ ሜዳሊያ አርባ ዓመት ላልሞላው ነው፤ ለንድፈ ሐሳቡ ጥልቀት የሚሰጥ ክብር ስለሆነ ጥልቀቱን ባልደረቦች ወዲያው ሊመዝኑት ይችላሉ። ጥቅምን ግን ወዲያው የሚመዝን የለም። አንድ የሒሳብ ሐሳብ ከወረቀት ወጥቶ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና ነጋዴው እጅ እስኪገባ አንድ ትውልድ ሊያልፍ ይችላል፤ እጃቸው ከገባ በኋላም የማን እንደነበረ የሚጠይቅ አይኖርም። የሽልማቱ መሥራቾች ይህን አስበውበታል። የመጀመሪያው ተሸላሚ ታሪክም ለምን እንዳሰቡበት ያሳያል።

ኪዮሺ ኢቶ በ1915 በጃፓን ሚኤ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ በኋላ እስከ 1943 ድረስ የሠሩት በመንግሥት የስታቲስቲክስ ቢሮ ነበር። አገራቸው በጦርነት ላይ ሳለች፣ በ1942፣ በጃፓንኛ የጻፉት ጽሑፍ በእጅ ማባዣ ተባዝቶ ለጥቂት የሙያ ጓደኞቻቸው ደረሰ። ከጃፓን ውጪ ያነበበው አልነበረም፤ ሰፋ ያለው የእንግሊዝኛ ቅጂ በአሜሪካ የታተመው በ1951 ነው።

ጽሑፉ የያዘውን ፍሬ ነገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ለተማረ ሰው እንዲህ አድርጌ ማስረዳት እችላለሁ። አንድ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድና ያን ሰከንድ አሥር ሺህ ቦታ ብንቆራርሰው፣ እያንዳንዱ እርምጃ የአንድ ሜትር አሥር ሺሕኛ ይሆናል። እያንዳንዱን እርምጃ በራሱ አባዝተን ብንደምራቸው ውጤቱ ያው አንድ አሥር ሺሕኛ ነው፤ ቁርሱን ባሳነስን ቁጥርም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ካልኩለስ ስናስተምር «ካሬው ትንሽ ስለሆነ ተዉት» የምንለው ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ በውኃ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንቀጠቀጥ ብናኝ እንውሰድ። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በአሥር ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ የሚያደርገው ዝላይ አሥር ሺሕኛ ሳይሆን አንድ መቶኛ ያህል ነው። ካሬዎቹን ብንደምር አንድ ይመጣል፤ የቱንም ያህል ብንቆራርሰው ድምሩ አይጠፋም፣ ካለፈው ጊዜ ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። ኢቶ ይህን የማይጠፋ ካሬ ይዘው፣ በዘፈቀደ ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚሆን አዲስ ካልኩለስ ሠሩ። ዛሬ የኢቶ ቀመር የሚባለው ከተራው ቀመር የሚለየው በዚህች በአንዲት ተጨማሪ ድምር ነው።

በኦገስት 22 ቀን 2006 ማድሪድ ላይ የስፔን ንጉሥ በተገኙበት ጉባኤ የመጀመሪያው የጋውስ ሽልማት ለኢቶ መሰጠቱ ሲነገር፣ እርሳቸው ዘጠና አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ጤናቸው ለጉዞ ስላልፈቀደ ሜዳሊያውን ልጃቸው ተቀበሉላቸው፤ በቀጣዩ ወር የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጆን ቦል ራሳቸው ኪዮቶ ድረስ ሄደው ለኢቶ አስረከቧቸው። በዚያ ጉባኤ ላይ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ያወራ የነበረው ስለ ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን ነው፤ የፊልድስ ሜዳሊያን አልቀበልም ብሎ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ። በአንድ መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ስማቸው ተጠርቶ አልተገኙም፤ አንዱ ስላልፈለገ፣ ሌላው ጉልበቱ ስላልቻለ። የአንደኛው መቅረት ዜና ሆነ፤ የሁለተኛውን መቅረት ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ኢቶ በኖቬምበር 2008 ዐረፉ። ሽልማቱ በአንድ ጉባኤ ቢዘገይ ኖሮ አይደርሳቸውም ነበር።

ያልደረሰው ደግሞ አለ። ቮልፍጋንግ ዶብሊን የተወለደው እንደ ኢቶ በ1915 ነው፤ በርሊን፣ ከታወቀ ደራሲና ከአይሁድ ቤተሰብ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ቤተሰቡ ተሰድዶ ፈረንሳይ ገባ፤ ልጁም ዜግነት አግኝቶ በፓሪስ ከጎበዝ የፕሮባቢሊቲ ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ። ጦርነቱ ሲነሣ ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ። በ1939 እና በ1940 መካከል ባለው የአውሮፓ የብርድ ወቅት በግንባሩ አካባቢ የስልክ ተረኛ ሆኖ በሚያድርባቸው ሌሊቶች፣ በተማሪ ደብተር ላይ ስለ ዘፈቀደ እንቅስቃሴ ጻፈ። ደብተሩን በፌብሩዋሪ 1940 በታሸገ ፖስታ ወደ ፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ላከው፤ አካዳሚው እንዲህ ያለውን እሽግ መቶ ዓመት ሳይሞላው ባለቤቱ ወይም ወራሾቹ ካልፈቀዱ አይከፍትም። በጁን 1940 የጀርመን ጦር ሲከብባቸው፣ ዶብሊን ቮዥ ተራሮች ውስጥ ባለች ሁስራ በምትባል መንደር ወረቀቶቹን አቃጥሎ ራሱን ገደለ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር።

ፖስታው የተከፈተው በሜይ 2000 ነው። በውስጡ ኢቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ የደረሱበት ቀመር ተገኘ፤ ዛሬ አንዳንድ መጻሕፍት «የኢቶና የዶብሊን ቀመር» እያሉ ይጽፉታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የዚህ ወጣት ስም ግን ከዚህ ቀመር ጋር አብሮ እንዲጠራ ፖስታው ስድሳ ዓመት በመደርደሪያ ላይ መቆየት ነበረበት። ዕድሜ የማይገድበው ሽልማት ዕድሜ ያላገኙትን ሊደርስላቸው አይችልም። ደንቡን የምወደው ያህል ይህን ጉድለቱን አልረሳውም፤ መፍትሔውም አይታየኝም። ለሙታን የሚሰጥ ሜዳሊያ ቢኖር ጋውስ ራሱ ከፊት ተሰልፎ ሌላ ሰው ባላገኘው ነበር።

ሌላም የማያስተኛኝ ጥያቄ አለ። የኢቶ ካልኩለስ በሰፊው የታወቀው በገንዘብ ገበያ ነው። በ1973 ፊሸር ብላክና ማይሮን ሾልስ፣ እንዲሁም ሮበርት ሜርተን፣ የወደፊት የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ በኢቶ ቀመር አሰሉ፤ በ1997 ሾልስና ሜርተን የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ተቀበሉ፤ ብላክ ከዚያ በፊት ሞቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ተሸላሚዎች ባለድርሻ የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከስሮ በትልልቅ ባንኮች ርዳታ ሊድን ግድ ሆነ። ታዲያ ኅብረተሰብን ጠቀመ የምንለው የትኛውን ነው? እኔ እንደማምነው ኢቶ በገበያው ትርፍም ሆነ ኪሳራ ሊመሰገኑም ሊከሰሱም አይገባም። የዘፈቀደን እንቅስቃሴ የምንጽፍበትን ቋንቋ ነው የሰጡን፤ በዚያው ቋንቋ የእንስሳትን ቁጥር መጨመርና መቀነስ የሚያጠናው ባዮሎጂስትና በጫጫታ ውስጥ የተቀበረ ምልክት የሚያጠራው መሐንዲስም ይጽፉበታል። የሽልማቱ ዳኞች ከኋላ ሆነው የሚመለከቱት ይህን ሁሉ ደምረው ነው፤ ድምሩ ውስጥ ተቀናሽ መኖሩን ግን በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚናገር የለም።

ከኢቶ በኋላ የመጡትን ሁለቱን በአጭሩ ላንሣ። በ2010 ሃይደራባድ ላይ የተሸለሙት ፈረንሳዊው ኢቭ ሜየር ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ወረፋ ሲጠብቁ አንድ የፊዚክስ ባልደረባቸው፣ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ከተሠማራ መሐንዲስ ሐሳብ የተወለደ አንድ ጽሑፍ አሳያቸው፤ ሜየር ባቡር ተሳፍረው ጸሐፊዎቹን ለማግኘት ማርሴይ ድረስ ሄዱ። ከዚያ ጉዞ የዌቭሌት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ያዘ፤ ምስልን በጥቂት አጫጭር ሞገዶች ቆጥቦ የመጻፍ ጥበብ ነው፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የጣት አሻራ ምስሎቹን ጨምቆ ያስቀመጠው በዚህ ነው። በ2014 ሶል ላይ የተሸለሙት ስታንሊ ኦሸር ደግሞ፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በ1992 ባወጡት ሥራ፣ በምስል ውስጥ ያለውን ጫጫታ የነገሮችን ጠርዝ ሳያደበዝዙ የሚያጠሩበትን መንገድ አሳይተዋል።

እነዚህ ሁለቱ ከአክስቴ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ የገቡ ሰዎች ናቸው። ኤምአርአይ ፎቶግራፍ እንደሚነሣው ምስሉን ነጥብ በነጥብ አያይም፤ ምስሉ የተሠራባቸውን ሞገዶች መስመር በመስመር ይለካል፤ እያንዳንዱ መስመር ጊዜ ይወስዳል። መስመር ቢቀነስ ጊዜው ያጥራል፤ ምስሉ ግን ይበላሻል፣ ወይም እንዲህ ይታመን ነበር። በ2004 አካባቢ የሒሳብ ተመራማሪው ኢማኑኤል ካንዴስ የኦሸርን የጠርዝ ዘዴ በሙከራ ምስል ላይ ሲሞክሩ፣ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ ልኬት ምስሉ ያለ አንዳች ጉድለት ተመልሶ መጣላቸው። እርሳቸው ከቴሬንስ ታኦና ከጀስቲን ሮምበርግ ጋር፣ ዶኖሆም በራሳቸው በኩል፣ ይህ አጋጣሚ አለመሆኑን አረጋገጡ፤ የሁለቱም ወገን ጽሑፎች በ2006 ታተሙ።

ለተማሪዎቼ ያስረዳሁት በጤፍ ነው። መቶ ጆንያ ጤፍ ገዝታችሁ አንዱ ብቻ አሸዋ የተቀላቀለበት መሆኑን ሰማችሁ እንበል። መቶውንም አንድ በአንድ መንፋት ትችላላችሁ። ነገር ግን ከሃምሳው ጆንያ አንዳንድ እፍኝ ዘግናችሁ በአንድነት ብትነፉ፣ አሸዋው በዚህኛው ግማሽ ይሁን በዚያኛው በአንድ ንፍያ ታውቃላችሁ፤ እንዲህ እያላችሁ ግማሹን ግማሽ ስታደርጉ ቢበዛ በሰባት ንፍያ ጥፋተኛውን ጆንያ ትይዙታላችሁ። መቶ ጥያቄ የነበረው ወደ ሰባት የወረደው ወንፊቱ ስለተሻሻለ አይደለም፤ መጥፎዎቹ ጥቂት መሆናቸውን አስቀድማችሁ ስላወቃችሁና ልኬቱን አደባልቃችሁ ስለወሰዳችሁ ነው። የሰውነት ምስልም እንደዚሁ ነው፤ በሜየር ዌቭሌቶች ሲጻፍ አብዛኛው ቁጥር ዜሮ ለመሆን ምንም አይቀረው፤ የሚቀሩት ጥቂት ቁም ነገሮች ናቸው። ማሽኑ መስመሮቹን በዘፈቀደ መርጦ ጥቂቱን ብቻ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከተለካው ጋር ከሚስማሙት ምስሎች ሁሉ በጥቂት ዌቭሌት ሊጻፍ የሚችለውን ይፈልጋል። ጋውስ ሴሬስን በአርባ አንድ ቀን ልኬት ያገኛት ምሕዋሯ በስድስት ቁጥር የሚጻፍ መሆኑን ስላወቀ ነው፤ ነገሩ ሁለት መቶ ዓመት ተሻግሮ ሆስፒታል ገባ።

ሐሳቡን ወደ ማሽኑ ያስገቡት ሌሎች ናቸው። ማይክል ለስቲግ በስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ ከዶኖሆና ከጆን ፖሊ ጋር በ2007 ዘዴውን ለኤምአርአይ አዋሉት፤ ከሕፃናት ሐኪሞች ጋር በተደረገው ሥራም ስምንት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ አንድ ዓይነት ምስል፣ ለምርመራ የሚበቃ ጥራቱን ሳያጣ፣ በ70 ሴኮንድ ማንሣት ተቻለ። ሰባ ሴኮንድ ማለት ለአንዳንድ ሕፃን ማደንዘዣ ይቀርለታል ማለት ነው። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ዘዴ የሚሠሩ የሲመንስና የጂኢ ኩባንያዎችን ማሽኖች ፈቀደ፤ በ2018 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ዶኖሆ በስድሳ አንድ ዓመታቸው የጋውስን ሽልማት ተቀበሉ። ኢቶ ከጽሑፋቸው እስከ ሜዳሊያቸው ስልሳ አራት ዓመት ጠብቀዋል፤ ዶኖሆ አሥራ ሁለት። ሜዳሊያው ለአንድ ሰው መሆኑ ግን አሁንም ቅር ይለኛል፤ ካንዴስን፣ ለስቲግንና በሕፃናቱ አልጋ አጠገብ የቆሙትን ሐኪሞች አንድ ክብ ብረት ላይ መጻፍ አይቻልም ብለን ካልተጽናናን በቀር።

አክስቴ በጥቅምት ሁለተኛ ቀጠሮ ነበራቸው። ወደ ሌላ ቦታ ላኳቸው፤ ማሽኑ አዲስ ነበር፣ ቡና ሳልጨርስ ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ዛሬስ ምነው ቶሎ ለቀቁኝ?» ቢሉኝ፣ አሜሪካ ያለ አንድ አስተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስሌቱን እንዳሳጠረው ነገርኋቸው፤ ጤፉንም አነሣሁ። ጤፉን ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም ከመቶ ጆንያ አንድ ብቻ አሸዋ የቀላቀለ ነጋዴ የት አገር እንዳለ ጠየቁኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «ስሙ ማን ነው ያልከኝ?» አሉ። ዴቪድ አልኋቸው።

«ዳዊት» አሉ። «ዕድሜ ይስጠው።»